ሰማይ ለስምንት ሲከፈል

በሰፈሬ ነቢይ የተባልኩት በአንዲት ቃል ስህተት ነው። ስህተቱም የእኔ አይደለም፤ የጎረቤታችን የየኔነሽ ነው። እሷ ግን እስከ ዛሬ ተሳስቻለሁ አትልም። ተሳስተዋል የምትለው እኔን ነው።

ስሜ መዝገቡ ይባላል። ሥራዬም መመዝገብ ነበር፤ አባቴ ስሙን ሲያወጡልኝ አስበውበት እንደሆነ እንጃ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የአየር ሁኔታ ጣቢያ ተመልካች ሆኜ ሠርቻለሁ። ተመልካች ማለት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ወደ ሜዳው ወጥቶ ሰማይ የሚያይ ሰው ነው። ሰማዩን በሐሳብህ እንደ ድፎ ዳቦ ስምንት ቦታ ትከፍለዋለህ። ከስምንቱ ስንቱን ደመና እንደያዘው ትቆጥራለህ። ሦስት ስምንተኛ፣ አምስት ስምንተኛ። የደመናውን ዓይነት፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ በነጩ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ያለው ሙቀት ስንት እንደሆነ ትጽፍና ለዋናው ቢሮ ትልካለህ። ነገ ይዘንባል ወይም አይዘንብም የሚሉት ቢሮ የተቀመጡት ናቸው። እነሱ ደግሞ መስኮት ያላቸው አይመስለኝም።

ሥራ ስጀምር አለቃዬ የነበሩት አቶ ፈቀደ አንድ ሕግ ሰጡኝ። «ያየኸውን ጻፍ፤ ያሰብከውን ለራስህ ያዝ» አሉኝ። እኔም ያዝኩ። እንዲያውም ከልክ በላይ ያዝኩት መሰለኝ።

የሰርጌ ዕለት፣ ግንቦት ላይ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ከወጨጫ ተራራ ጀርባ አንድ ደመና ብቅ ሲል አየሁ። ከሰዓት በኋላ ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቄዋለሁ። ለማንም አልተነፈስኩም። ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ከነበረዶው ወርዶ ድንኳኑን በሙሽሮችና በእንግዳው ሁሉ ላይ ጣለው። የባለቤቴ የጥሩብርሃን ቬሎ የጭቃ መጥረጊያ ሆነ። ማታ፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ «እኔ እኮ ጠዋት አይቼው ነበር» አልኳት። ያቺን ነገር ባልናገር ኖሮ ትዳሬ ሰላም ነበር።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይቺን ተረት ሳልሰማ ያለፈ ግንቦት የለም።

ባለፈው ኅዳር ጣቢያችን ውስጥ አንድ ምሰሶ ተተከለ። ጫፉ ላይ የሚሽከረከሩ ትንንሽ ኩባያዎች አሉት። ሙቀቱንም፣ ነፋሱንም፣ ዝናቡንም በየደቂቃው ራሱ ይለካል፣ ራሱ ይልካል። አይታመምም፣ ለቅሶ አይሄድም፣ ሻይ አይወጣም። ሁለት ወር ሳይሞላ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «የሥራ መደብዎ ታጥፏል» ይላል። ታጥፏል! የሚታጠፍ ጋቢ አውቃለሁ፣ የሚታጠፍ አልጋም አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንደ ጋቢ ሊታጠፍ እንደሚችል ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። የዚያን ቀን ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራ ላይ ቆሜ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ረዳቱ «ኮልፌ፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራ ነበር። አንዱ የቀረው ሰው እኔ ነኝ ብዬ ገባሁ።

ቤት መዋል እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰዓት ሊሞላ አሥር ጉዳይ ሲሆን እግሬ እኔን ሳይጠይቅ ደጅ ያወጣኛል። የልጃችንን የሄቨንን አሮጌ ደብተር አገኘሁና መስመር አስምሬ መመዝገብ ጀመርኩ። አራት ሰዓት፣ ሁለት ስምንተኛ። አምስት ሰዓት፣ ሁለት ስምንተኛ።

«ለማን ነው የምትልከው?» አለችኝ ጥሩብርሃን አንድ ቀን። በክፋት አልነበረም፤ እውነት ማወቅ ፈልጋ ነው። ደብተሩን ብብቴ ውስጥ ከተትኩት።

አንድ ማክሰኞ፣ አምስት ሰዓት ሊሞላ አሥር ጉዳይ ሲሆን፣ እስክሪብቶዬ ነጠፈ። ብነቀንቀው፣ ባሸው፣ ምንም። ሌላ ለማምጣት ከገባሁ ሰዓቱ ያልፋል። ስለዚህ እዚያው ቆሜ፣ ሳልጽፍ፣ ዝም ብዬ ወደ ላይ አየሁ።

ከጭንቅላቴ በላይ በጣም ሩቅ ቦታ ላይ ስስ ነጭ ደመና ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፤ ፀሐይዋ ከውስጡ ታበራለች። ከሥሩ አሞራዎች ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ክብ እየሠሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። ከእነሱ በላይ ሌላ ደመና፣ ከእሱ በላይ ደግሞ ሌላ፣ ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። እንደዚያ ዓይነት ሰማይ ስንት ሺህ ጊዜ መዝግቤያለሁ፤ «ሰባት ስምንተኛ፣ ከፍተኛ፣ ስስ» እልና ወደ ሻዬ እመለሳለሁ። ያን ቀን ግን የምከፍልበት ቢላ አልነበረኝም፤ ሙሉውን መጣብኝ። እንዲህ ያለ ነገር በላዬ ተዘርግቶ ነው የኖርኩት? ሠላሳ አንድ ዓመት ስቆጥር ኖሬ ለካ አንድ ቀንም አላየሁም! ደስታም ፍርሃትም አንድ ላይ ያዘኝና አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ጋሽ መዝገቡ፣ እየጸለዩ ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔነሽ ናት፤ በግቢያችን አጥር ማዶ የምትኖር፣ ጸሎትና ሥራ የማይደክማት ሴት። ብርድ ልብስ ልታጥብ ውኃ ሞልታ ቆማለች።

«አይ፣ እንዲሁ ነው» አልኳት። ከዚያ ለራሴ ይመስለኛል፣ «ዛሬ ግን ብርድ ልብስ አይደርቅም» አልኩ። ከሦስቱ ደመናዎች የታችኛው አላማረኝም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘነበ። የኔነሽ እየሮጠች ወደ ባለቤቴ መጣች።

«ባልሽ ምንድን ነበር ሥራው?»

«ትንበያ መሥሪያ ቤት ነበር» አለቻት ጥሩብርሃን፣ ነገር ለማሳጠር።

«ትንቢት?!» አለች የኔነሽ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና።

ያቺ ናት ቃሏ። እሑድ ሳይደርስ የጸሎት ቡድናቸው በሙሉ ሰማ። ሴቶች ለስለስ ባለ ድምፅ «ጤና ይስጥልኝ» እያሉ በራችን ላይ መቆም ጀመሩ። አንዷ ልጇ ከደቡብ አፍሪካ መቼ እንደሚመለስ ጠየቀችኝ።

«እናቴ፣ እኔ የማውቀው ደመና ብቻ ነው» አልኳት።

«እሱስ ከላይ አይደል የሚመጣው?» አለችኝና እንባዋን ጠርጋ ቁጭ አለች። አብሬያት ተቀመጥኩ። ስትሄድ ግን ቀለል ብሏት ነበር፤ ይሄም ገረመኝ።

ጥሩብርሃን ከጓዳ ሆና ትስቃለች። «ነቢይ በቤቱ አይከበርም፤ ና ነጭ ሽንኩርት ላጥ!»

ነጭ ሽንኩርቱ የበርበሬው ነው። ጥሩብርሃን የባልትና ሥራ ትሠራለች፤ የኔነሽ ሸሪኳ ናት። እኔ ስታጠፍ የተሰጠኝን የስንብት ገንዘብ ሁለቱ ሴቶች ለፋሲካ ትእዛዝ ዛላ በርበሬ ገዙበት። እኔም እሺ አልኩ፤ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ብለው አሳመኑኝ። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተደቁሶ፣ እርጥቡ ድቁስ ፀሐይ ላይ መሰጣት አለበት። ግቢያችን አይበቃውም። በመንገዱ ማዶ ባለቤቱ ውጭ አገር ያለ ጅምር ፎቅ አለ። ዘበኛው አዩብ አስፈቅዶልን ጣሪያው ላይ፣ ባዶው ኮንክሪት ላይ፣ ሸራ ዘርግተን ሰጣነው። መጋቢት አጋማሽ ላይ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ቀይ ሆኖ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ቆሜ አየሁት።

ጣሪያው ላይ ስወጣ ደግሞ የኮልፌን ሰማይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ አየሁት። በሰሜን እንጦጦ፣ በደቡብ ፉሪ፣ ፊት ለፊት በምዕራብ ወጨጫ። መሃሉ ላይ እስከ አየር ጤና ድረስ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ። ሊያግዙን የመጡት የጸሎት ቡድኑ ሴቶች በርበሬውን በእጃቸው እያገላበጡ ያስነጥሳሉ፣ ይዘምራሉ።

በማግስቱ፣ እዚያው ጣሪያ ላይ፣ ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ደብተሬን አወጣሁ። ወደ ወጨጫ ዞርኩ። እጄ ቆመ።

ከተራራው ጀርባ አንድ ደመና ብቅ ብሏል። ክምር ነው፤ ጫፉ እንደ አበባ ጎመን ጥቅጥቅ ብሎ ነጭ። ያን የሚያህል ክምር በዚያ ሰዓት አይነሳም፤ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሆን ምንም አልልም። እያየሁት አደገ። ይሄን ደመና አውቀዋለሁ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት አይቼዋለሁ።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ ጥሩብርሃን። ፊቴን አይታ ነው።

«ያ ደመና...» አልኩና አቆምኩ።

ሁሉም ዞረው አዩ። በሰፊው ሰማይ ላይ አንድ እፍኝ ነጭ ነገር ናት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሄቨን ስልኳን አወጣች።

«አባዬ፣ ዜሮ ፐርሰንት ነው የሚለው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው። ኧረ አታስደንግጠን!»

ለስልኳ የነገረው ያ ምሰሶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ሆዴ ቂም ያዘ። ግን ምሰሶው ትክክል ቢሆንስ? ነገሩ ቀላል አልነበረም። በርበሬው ከተሰጣ ገና አንድ ቀኑ ነው፤ እርጥብ ነው። ዝናብ ከመጣበት ታጥቦ በአሸንዳው ይወርዳል። አንስተን ወደ ታችኛው ፎቅ ብናወርደው ደግሞ እዚያ ጣሪያ አለ እንጂ ፀሐይ የለም፤ የዛሬን ፀሐይ ያጣ እርጥብ በርበሬ ነገም ፀሐይ ካላገኘ ይሻግታል። ዝም ብል እከስራለሁ፤ ተናግሬ ብሳሳትም እከስራለሁ። ልዩነቱ ዝም ብዬ ብከስር ጥፋተኛው ሰማዩ ነው፤ ተናግሬ ብከስር እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የመረጥኩት የመጀመሪያውን ነበር።

«ጋሽ መዝገቡ፣ ይናገሩ እንጂ» አለች የኔነሽ። «ምን ታየዎት?»

«የኔነሽ፣ እባክሽ። እኔ ነቢይ አይደለሁም። ተመልካች ነኝ።»

«እና? ድሮ ነቢይን ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር አያውቁም? ‹የሚያይ› ነበር የሚሉት። የሚያይ ሰው! እርስዎ ሠላሳ ዓመት ምን ሲሠሩ ኖረው ነው ታዲያ?»

እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ጆሮዬ ጭው አለ። ስህተቷን ሳርም የከረምኩት ሴትዮ እኔን አረመችኝ። ወደ ጥሩብርሃን አየሁ። ተረቱን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተናገረችም። እጇ እስከ ክርኗ በበርበሬ ቀልቷል። በዚያ በወደቀ ድንኳን ሥር እንዳየችኝ አድርጋ ታየኛለች፤ ልዩነቱ ዛሬ ገና ምንም አልወደቀም።

«ሰብስቡ!» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ሁሉንም አውርዱት! ይዘንባል፤ በረዶም አለው!»

ማንም «እርግጠኛ ነህ?» አላለኝም። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች የአንድ ሥራ የፈታ ሰውዬ ቃል ሰምተው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። አዩብ የታችኛውን ፎቅ ሲሚንቶ ሁለት ጊዜ ጠረገው። ሸራውን በአራት ማዕዘን ይዘው፣ እርጥቡን በሳፋ፣ ደረቅ ያለውን በማዳበሪያ እየሞሉ፣ መደገፊያ በሌለው ደረጃ በየተራ እየተቀባበሉ አወረዱት። እኔም አወረድኩ። ዓይናችን አለቀሰ፣ ጉሮሯችን ተቃጠለ። የመጨረሻው ሳፋ ሲወርድ ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ፀሐይዋ ግን እንዳለች ናት።

ስድስት ተኩል ሆነ። የባዶው ጣሪያ ኮንክሪት እግር ያቃጥላል። አንዷ ሴት ለሌላዋ በሹክሹክታ የሆነ ነገር አለቻት። ሄቨን ስልኳን አይታ ወደ ኪሷ መለሰችው፤ አዘነችልኝ መሰለኝ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ከጣሪያው መውረድ አልቻልኩም። ከወረድኩ የጥሩብርሃንን ፊት ማየት አለብኝ።

ከዚያ ነፋሱ ዞረ። ከምሥራቅ ይነፍስ የነበረው ድንገት ከምዕራብ ፊቴን መታኝ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ የረጠበ አፈር ይሸታል። ቀና ስል ደመናው ወጨጫን ውጦታል። ጫፉ ተዘርግቶ ግማሹን ሰማይ ይዟል፤ ከላይ የሚያጥበረብር ነጭ፣ ከታች ጥቁር። ከሥሩ ከሰማይ እስከ ምድር የቆመ ግራጫ ግድግዳ ወደ እኛ ይመጣል። በምዕራብ ያለችው ኬራኒዮ ሰፈር ጠፋች። ድምፁ ቀድሞ መጣ፤ በረዶው ቆርቆሮ ሲመታ ነው። ሰፈር በሰፈር፣ ጣሪያ በጣሪያ ጩኸቱ እየቀረበ መጣ፤ ከተማው ራሱ ተነስቶ የሚሮጥ መሰለኝ። ደብተሬ እጄ ውስጥ ነበር። ስንት ስምንተኛ እንደሆነ ትዝ አላለኝም። የማላውቀው ነገር ደረቴን ሞላው፤ እግዚአብሔርን መፍራት የሚሉት ይሄ ከሆነ ያን ቀን ፈራሁት። በረዶው ራሴን ሲመታኝ አልተንቀሳቀስኩም።

አጠገቤ ሰው ቆመ። ጥሩብርሃን ናት። ልትጎትተኝ መጥታ ነው፤ ግን አልጎተተችኝም። ቀና ብላ እሷም አየች፤ አፏ ተከፈተ። የእጇ በርበሬ እየታጠበ በክንዷ ላይ በቀይ ይወርዳል። ሁለታችንም እስክንበሰብስ ቆምን።

ከበታችን ካለው ፎቅ የኔነሽና ሴቶቹ ይጮኻሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ያለቅሳሉ። በርበሬው ከዳሩ ርቆ የፎቁ መሃል ላይ ስለነበር አንዲት ጠብታ አልወረደችበትም።

አመሻሽ ላይ፣ ሁሉም ሲሄዱ፣ እኔና ጥሩብርሃን በርበሬውን ለማገላበጥ ቀረን። ግድግዳ በሌለው ፎቅ ላይ ንጹሕ ነፋስ ያልፋል።

«የሰርጋችን ዕለት ያየኸው እንዲህ ነበር?» አለችኝ።

«ራሱ ነው።»

«ለምን ዝም አልክ ታዲያ? የአቶ ፈቀደን ሕግ እንዳትነግረኝ።»

ሃያ ስድስት ዓመት በአቶ ፈቀደ ሳሳብብ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ምክንያቱ አለቀብኝ።

«ፈራሁ» አልኳት። «ባይዘንብስ ብዬ። ትስቅብኛለች ብዬ ፈራሁ።»

ዞራ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስስቅብህ አይደል እንዴ የኖርኩት?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ በበርበሬው ወደ ሳል ተቀየረ። ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩላት። ሳሉ ሲለቃት ዓይኗን ጠራረገችና፣ «ዛሬ ግን ውሻው ጅቡ ሳይመጣ ጮኸ» አለች።

ከዚያ ፊቷ ኮስተር አለ። አንድ እፍኝ እርጥብ በርበሬ አንስታ አሸተተችው፤ ገና ደህና ነው። እስከ ነገ ብቻ።

«ነገስ?» አለችኝ።

ደብተሩን ከብብቴ አወጣሁ። ረጥቧል። የዛሬው ገጽ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ባዶ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባዶ መስመር ትቼ አላውቅም። እንደ ባዶነቱ ዘጋሁትና ወደ ፎቁ ጠርዝ ሄድኩ። ወጨጫ ታጥቦ ከበፊቱ የቀረበ ይመስላል፤ ከጀርባው ሰማዩ ጠርቶ ቀልቷል። ከዳር እስከ ዳር ተመለከትኩ።

«ነገ ፀሐይ ነው» አልኳት።

«ስንት ስምንተኛ?» አለችኝ እየሳቀች።

«አልቆጠርኩትም፤ አየሁት። በጠዋት አውጡት።»